የጋጣ ተስፋ፦ ባሕርዩ፣ አመጋገቡና ከሽንፈት በኋላ የሚደረግለት እንክብካቤ

ስለ ተስፋ መናገር እስከ ዛሬ የሰባኪና የፖለቲከኛ ድርሻ ሆኖ ቆይቷል። ተስፋ በገፍ የሚመረትበት፣ በየማለዳው ድርቆሽና አጃ እየበላ የሚፋፋበት ስፍራ ግን የፈረስ ጋጣ ነው። ይህ ጽሑፍ ያንን ክፍተት ለመሙላት የቀረበ መጠነኛ ሙከራ ነው። ጥናቱ የሚመለከተው በእንግሊዝና በአየርላንድ መሰናክል እየዘለሉ የሚሽቀዳደሙትን ፈረሶች ብቻ ነው፤ ዓመታቱም ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በለጥ ባለ ሜዳ የሚሮጡት ፈረሶች ሌላ አጥኚ ያስፈልጋቸዋል። እነሱ ካሸነፉ ለዘር ይፈለጋሉ፤ የዝላይ ፈረስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የተኮላሸ ስለሆነ ተስፋው ሁሉ ያለው እግሩ ላይ ነው።

ዋናው ማስረጃ በየዓመቱ የሚታተም አንድ የጽሑፍ ዓይነት ነው። የመጋቢቱ የቼልተናምና የሚያዝያው የኤይንትሪ ውድድሮች ሲቃረቡ ጋዜጠኛው ቦት ጫማውን አጥልቆ ወደ ጋጣው ይሄዳል። አሰልጣኙ፣ በነገሥታቱ ዘመን ባልደራስ እንለው የነበረው ሰው፣ ከበር ወደ በር እየመራ ፈረሶቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቀዋል። ይህ ዳማ የት እንደሚሮጥ፣ ያቺ ባዝራ ከማን ጋር እንደምትገናኝ፣ ጥግ ላይ ያለው ጉራቻ ባለፈው ጊዜ ለምን እንዳልሆነለት ይነገራል። ፈረሶቹ በግማሽ በሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው ያዳምጣሉ። አስተያየት አይጠየቁም፤ ይህን የጽሑፍ ዓይነት ይህን ያህል ዘመን ያቆየውም ይኸው ይመስላል።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንይ። ክሊቭ ከሚባለው ኮረብታ ግርጌ የሚካሄደው የቼልተናም ፌስቲቫል አራት ቀን ይፈጃል፤ በቀን ሰባት፣ በጠቅላላው 28 ውድድር ነው። ሦስት ቀን የነበረው በ2005 አንድ ቀን ተጨምሮበት ነው፤ አጥኚው ይህ የሆነው ተስፋው በሦስት ቀን አላልቅ ስላለ ነው ብሎ ይገምታል። ሁለት ፈረሶች አፍንጫ ለአፍንጫ ካልገቡ በቀር የሚያሸንፉት 28 ናቸው ማለት ነው። በየካቲት የሚታወጀው ተስፋ ግን ለዚህ ቁጥር አይገዛም። አየርላንድ፣ ካርሎው ውስጥ ያለው የዊሊ መሊንስ ጋጣ ለአንድ ውድድር አራት አምስት ፈረስ ቢያሰልፍ የሚደንቀው የለም፤ አራቱም አምስቱም ዕድል አላቸው። መሊንስ በ2022 በአንድ ፌስቲቫል 10 ጊዜ አሸንፎ ክብረ ወሰን አስመዘገበ፤ በ2024 ደግሞ የቼልተናም ድሎቹ 100 ሞሉ። ያ የ2022 የክብረ ወሰን ሳምንት ታዲያ በሌላ ዓይን ሲታይ ሌሎች ሰዎች 18 ጊዜ ያሸነፉበት ሳምንት ነው። ስድስት ፈረስ ያለው ጎረቤት ስድስት ተስፋ ጭኖ ሲመጣ ምን ይባላል? ምንም አይባልም፤ የመኪና ማቆሚያ ይሰጠዋል።

ተስፋው በሒሳብ የማይፈርሰው በቅድመ ሁኔታ ታጥሮ ስለሚያድር ነው። ከቅድመ ሁኔታዎቹ ቀዳሚው መሬቱ ነው። የውድድሩ ሜዳ ጠባቂዎች መሬቱን እየወጉ ከደረቅ እስከ ጭቃ ደረጃ ያወጡለታል፤ በየቀኑም ያስታውቃሉ። አሰልጣኙ አንዱ በር ላይ ቆሞ መሬቱ ከለሰለሰለት ይህ ፈረስ አደገኛ ነው ይላል። ሁለት እርምጃ ተራምዶ መሬቱ ከደረቀለት ይኸኛው አይቻልም ይላል። አንድ ጋጣ በአንድ ጊዜ ዝናብም ፀሐይም ይለምናል ማለት ነው። ፈጣሪ ለሁለቱም እሺ ሊል አይችልም፤ አሰልጣኙ ግን በየትኛውም ቢመለስለት ቃሉ ይጸናል።

ቀጥሎ ርቀቱ አለ። በሁለት ማይል የተሸነፈ ሦስት ማይል ያስፈልገዋል። በሦስት ማይል የተሸነፈ ወደ ሁለት መመለስ አለበት። በሁለቱም የተሸነፈ ፈረስ ርቀቱ ሁለት ማይል ተኩል መሆኑ ይደረስበታል፤ ቼልተናም ለዚህም አስቦ ከ2005 ጀምሮ ወደ ሁለት ማይል ተኩል የሚጠጋ ትልቅ ውድድር አዘጋጅቷል። ይህም ካልሠራ መሰናክሉ ይቀየራል። በአጫጭሮቹ መሰናክሎች ላይ የዘገየ ወጣት ፈረስ ሰውነቱ የተሠራው ለትልልቆቹ መሆኑ ይገለጻል፤ ትልልቆቹን ሲጠላቸው ደግሞ ወደ አጫጭሮቹ መመለሱ በራስ መተማመኑን እንደሚያድስለት ይነገራል። ይህ ሁሉ ዓመታት ይወስዳል። ፈረሱ በአራት ዓመቱ ገና ልጅ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጊዜው አልፎበታል። በመካከል ልክ የሚሆንበት አንድ ወቅት አለ፤ እሱም ሁልጊዜ የሚመጣው ዓመት ላይ ይውላል።

ከሽንፈት በኋላ የሚደረገው ሕክምና ራሱን የቻለ ዘርፍ ነው። በቀጭን ቱቦ ካሜራ በአፍንጫው ገብቶ የመተንፈሻ ቧንቧው ይታያል፤ አክታ ከተገኘ ተስፋው ከሞት ይነሣል። አጥኚው አክታ በእርግጥ ፈረስን እንደሚያዘገይ አይክድም። ያሸነፈን ፈረስ ግን ነገሩ ጤና ነው ወይ ብሎ ቱቦ የሚያስገባበት ሰው አይገኝም። አክታ ከሌለ ጫማው ወልቋል፤ ጫማው ካለ ጀርባው ተቆጥቷል፤ ሁሉም ደህና ከሆነ ጋላቢው አስተያየት ይሰጣል፣ እሱም የሚያተኩረው መሬቱ ላይ ነው።

አንድ ለየት ያለ ሁኔታ መጠቀስ አለበት። እንደ ኤይንትሪው ግራንድ ናሽናል ባሉ ውድድሮች ላይ ክብደት የሚመድብ ባለሥልጣን አለ። ጎበዙን ፈረስ እርሳስ ያሸክመዋል፣ ደካማውን ያቀልለታል፤ ሐሳቡ ሁሉም እኩል መድረሻው ላይ እንዲገናኙ ነው። (በቼልተናሙ ጎልድ ካፕ የሚሮጡት ግን፣ ለባዝራና ለወጣት ፈረስ ከሚደረግ ትንሽ ቅናሽ በቀር፣ እኩል ይሸከማሉ።) እንግዲህ ክብደቱ ሳይታወጅ በፊት አሰልጣኙን የሚያነጋግር ጋዜጠኛ የሚሰማው ትሕትና ገዳም ውስጥ እንኳ ብርቅ ነው። ፈረሱ መካከለኛ ነው፣ ዕድሜውም ገፍቷል፣ ለባለቤቶቹ የአንድ ቀን ሽርሽር ይሆናቸዋል። ክብደቱ በታወጀ ማግስት ይኸው መካከለኛ ፈረስ ከጉልምስናው ጀምሮ እንዲህ አምሮበት አያውቅም። የአየርላንድ ሆቴሎች በየካቲት ማታ ማታ ሰው ሰብስበው ስለ ቼልተናም ትንበያ ሲያሰሙ የሚከራከሩት በአብዛኛው ስለዚህ ነው፦ ማን ዝም አለ?

ተስፋው ለማን እንደሚነገር መለየት የጥናቱ ዋና ግኝት ነው። አንባቢው ለእሱ የተነገረ ይመስለዋል፤ ተወራራጁም ኪሱን ዳሰስ ያደርጋል። ጽሑፉ የተጻፈው ግን ፈረሱን ገዝቶ፣ ለመኖው፣ ለሐኪሙ፣ ለጫማው በየወሩ ለሚከፍለው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ጋዜጣውን ዘርግቶ የፈረሱን ስም ይፈልጋል። ስሙ ከሌለ ፈረሱን ወደ ሌላ ጋጣ ይወስዳል፤ ስሙ ኖሮ እውነቱ ከተጻፈበትም ይወስዳል። ከዚህ የተነሣ በዚህ የጽሑፍ ዓይነት ውስጥ «ይህ ፈረስ አይችልም» የሚል ዓረፍተ ነገር አይገኝም። የማይችለው ፈረስ የራሱ የክብር መዝገብ አለው። ጠባዩ ግሩም ነው። መኖውን አያስተርፍም። ልጆች ይወዱታል። ስለ ፈረሱ ገበታ ብዙ የተነገረ እንደሆነ ስለ እግሩ መጠየቅ ነውር ነው።

የአገራችን አንባቢ እዚህ ላይ ግር ሊለው ይችላል። እኛ ዘንድ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል፣ ፈረሱ ካላኮራ ስሙን የሚሸከም አልነበረም። የሚፎክር ሰው ሲበዛም «ፈረሱም ያው፣ ሜዳውም ያው» ይባልና ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ተረት ለአንድ የእንግሊዝ አሰልጣኝ ቢነግሩት አይደነግጥም። ፈረሱ በእርግጥ ያው ነው፣ ሜዳው ግን ያው አይደለም ይላል፤ ሌሊቱን ዘንቧል።

አሁን ተስፋውን ከውጤቱ ጋር ማስተያየት ይቻላል። መጋቢት 2025 ቼልተናም ላይ ቻምፒዮን ኸርድል ለሚባለው ውድድር ኮንስቲቲውሽን ሂል የሚባል ፈረስ ቀረበ፤ ተሸንፎ አያውቅም፣ ስለ እሱ የተባለው ተስፋ ቅድመ ሁኔታ እንኳ አልነበረውም። መንገድ ላይ ወደቀ። የቀደመው ዓመት አሸናፊ ስቴት ማን መሪነቱን ይዞ እስከ መጨረሻው መሰናክል ደረሰና እሱም ወደቀ። ዋንጫው አንድ ፓውንድ ላስያዘ 25 የምታስገኝ ጎልደን ኤስ የተባለች ባዝራ ዘንድ ሄደ፤ ለባዝራዎች ብቻ የተዘጋጀ ቀለል ያለ ውድድር በዚያው ቀን እያለላት ነው ከወንዶቹ ጋር የገባችው። በዚያው ሳምንት ጎልድ ካፕን ሦስተኛ ጊዜ ይወስዳል የተባለው ጋሎፓን ዴ ሻን ሁለተኛ ወጣ። የቀደመው አይኖውዘዌይዩርቲንኪን ነው፤ ሕጉ ለፈረስ ስም ከ18 ፊደል በላይ አይፈቅድም፣ ባለቤቶቹም በላቲኑ አጻጻፍ አንዷን አላባከኑም። ይህ ፈረስ ተስፋ የተጣለበት ለግራንድ ናሽናል ነበር። ለጎልድ ካፕ የተመዘገበው ዘግይቶ፣ 25,000 ፓውንድ ተከፍሎለት ነው። እዚያ አሸነፈና ተስፋ የተጣለበትን ውድድር ሳይሮጥ ቀረ።

ይበልጥ የሚያስተምሩት ተስፋ ፈጽሞ ያልተደረገባቸው ናቸው። በ1990 ጎልድ ካፕን ያሸነፈው ኖርተንስ ኮይን ለአንድ ፓውንድ 100 ይከፈልበት ነበር። አሰልጣኙ ሲረል ግሪፊትስ የዌልስ የወተት ላም አርቢ ሲሆን ጋጣው ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ፈረሶች ነበሩት፤ የዚያን ዕለት ጠዋትም ላሞቹን አልቦ ነው የተነሣው። ጎልድ ካፕ የገቡት ለሌላ ውድድር የመመዝገቢያው ቀን ስላለፈባቸው ነው። በ1967ቱ ግራንድ ናሽናል ደግሞ 44 ፈረሶች ተነሥተው 23ኛው መሰናክል ላይ፣ ከሜዳው መሰናክሎች ሁሉ አጭር ከሚባሉት አንዱ ላይ፣ ጋላቢውን ጥሎ ብቻውን ይሮጥ የነበረ ፈረስ መንገዱን አቋርጦ ሁሉንም አንድ ላይ አጋጨ። ፎይናቮን የተባለው ፈረስ በጣም ወደ ኋላ ቀርቶ ስለነበር ጋላቢው ክፍተት ለመፈለግ ጊዜ አገኘ፤ ዘልሎም ብቻውን ሄደ። እሱም 100 የሚከፈልበት ነበር። አሰልጣኙ ኤይንትሪ አልተገኘም፤ ዉስተር ላይ ሌላ ፈረስ እየጋለበ ነበር። ባለቤቱም አልተገኘም።

ከእነዚህ ማስረጃዎች ተነሥቶ አሰልጣኝ ከሜዳው ቢርቅ፣ ቢቻልም ላም ቢያልብ ይሻላል የሚል ምክር መስጠት ቀላል ነው። አጥኚው ይህን ምክር ከመስጠት ይቆጠባል። አሰልጣኛቸው ቤቱ ቀርቶ እነሱም ወደ ኋላ የቀሩ ፈረሶች ብዙ ናቸው፤ ስማቸው ግን በመሰናክል ላይ አልተጻፈም፣ የፎይናቮን ግን ተጽፏል። ደግሞም ተስፋ አንዳንዴ ይፈጸማል፤ ይህ ለጥናቱ ትልቅ እንቅፋት ሆኗል። በ2025 ግራንድ ናሽናል መሊንስ አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛውን አንድ ላይ ወሰደ። አንደኛ የወጣውን ኒክ ሮኬትን የጋለበው ልጁ ፓትሪክ ነበር። አባትየው ያን ሁሉ ዋንጫ የለመደ ሰው ሆኖ ሳለ በቴሌቪዥን ፊት አለቀሰ። ለዚህ ልቅሶ የሚሆን ምድብ አጥኚው ባዘጋጀው ሠንጠረዥ ውስጥ የለም፤ ለጊዜው በ«ሌሎች» ሥር ተቀምጧል።

ተስፋው የሚያርፍበትን ቦታ በተመለከተ የቀን መቁጠሪያው ሁሉን አመቻችቶታል። ቼልተናም ያልሆነለት ከሦስት አራት ሳምንት በኋላ ኤይንትሪ ይሆንለታል፤ ኤይንትሪ ሜዳው ዝርግ ነውና የቼልተናም ዳገት ላይ የደከመ እዚያ ይበረታል። ኤይንትሪ ላልሆነለት አየርላንድ ውስጥ ፓንችስታውን አለ። ከዚያ ወዲያ ፈረሶቹ ጫማቸውን አውልቀው ለክረምቱ ሣር ላይ ይለቀቃሉ። ጥቅምት ሲደርስ ሆዳቸው ተንዘርፍጦ ይመለሳሉ፤ አሰልጣኙም ከበር ወደ በር እያለ ክረምቱ እንዴት እንዳጠነከራቸው ይናገራል።

የዚህ ጥናት ሁለተኛ ክፍል በሚመጣው ሚያዝያ ይቀርባል ተብሎ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ክፍል የፈለግነውን ያህል ባይሮጥም ለልምድ ጠቅሞታል። ሁለተኛው መኖውን በደንብ እየበላ ነው፤ መሬቱ ከለሰለሰለት፣ ርቀቱም ከተስማማው፣ የገንዘብ ድጋፍ ሰጪዎቻችን በእርግጥ ሊደሰቱበት ይችላሉ።