ጭብጨባውም በቁልፍ ነው አሉ

ጥር ገባና ሰኞ ገበያ በስፒከር ተናወጠች። ድንኳን በተተከለበት ሁሉ አንድ ልጅ፣ አንድ የጃፓን ኪቦርድ፣ ሁለት ስፒከር። ባንዱ በቃ ይኸው ነው። ከበሮ መቺ የለ፣ ማሲንቆ የለ፣ ተቀባይ የለ።

ባለፈው ጎረቤቴ ልጁን ሲድር ኪቦርድ ተጫዋቹን ዓይኔን ተክዬ አየሁት። ጎረሰ፤ አላመጠ፤ ሻዩን በሁለት እጁ ይዞ እፍ እፍ አለ። ጭፈራው ግን አልቆመም! ጠጋ ብዬ፣ «አንተ ልጅ፣ ማነው የሚመታው?» ብለው፣ «ስታይሉ ነው፣ ጋሼ፤ ኪቦርዱ ውስጥ የተሞላው ምት» አለኝ። አንዱን ቁልፍ ሲጫን ማሲንቆ፣ ሌላውን ሲጫን ክራር፣ ሦስተኛውን ሲጫን ጭብጨባ። ጭብጨባ እንኳ! ታዳሚው ታዲያ ምን በወጣው፤ ተቀምጦ በስልኩ ይቀርጻል።

ወላሂ ማርያምን (ወሎ ነን፣ በሁለቱም እንምላለን) በራሱ የሚጫወት መሣሪያ ጠልቼ አይደለም። የልጅ ልጄ በስልኳ ያሳየችኝ አንድ የድሮ ፒያኖ አለ፤ ቬልቴ ሚኞን ይሉታል፤ ፍራይቡርግ ያሉ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1904 ያወጡት። የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል ውስጡ ይዞራል፤ አየር በየቀዳዳው ሲሳብ ቁልፎቹ ማንም ሳይነካቸው ይወርዳሉ። ጂኒ የሰፈረበት ነው የሚመስለው። ቀዳዳው ግን በዘፈቀደ የተበሳ አይደለም። ማህለር የሚባለው የቪየና ሙዚቀኛ እ.ኤ.አ. በ1905 ተቀምጦ ተጫወተና የት እንደቸኮለ፣ የት እንደዘገየ፣ የት ጠበቅ፣ የት ላላ እንዳደረገ ተቀዳ። እሱ ሲጫወት የሚሰማው በእነዚያ ጥቅሎች ብቻ ነው። ሰውዬው ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጣቱ ግን ሥራ አልፈታም።

ዛሬ ያማሃ የሚሠራው ዲስክላቪየር ደግሞ ወረቀቱን ትቶታል። የተጫዋቹን አመታት በሴንሰር ለክቶ ይይዝና ቁልፎቹን በኤሌክትሪክ ማግኔት ያንቀሳቅሳል። አይቀደድም፣ አይጥ አይበላውም፣ ጥቅል ቀይሩልኝ አይልም። እኔ የድሮውን እመርጣለሁ። ለምን ብትሉኝ፣ የድሮ ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት አትጠይቁኝ። ሁለቱም ግን የሚደግሙት የአንድ የታወቀ ሰው እጅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ያረፉትን የፒያኖ ሊቅ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን እንዲህ ባለ ፒያኖ የሚያሰማኝ ባገኝ፣ በዚህ ጉልበቴ አዲስ አበባ ድረስ በእግሬ እሄድ ነበር።

የሠርጋችን ኪቦርድስ? የማንን እጅ ነው የሚደግመው? ባቲና አምባሰል በገዛ አገራችን ስም የሚጠሩ ቅኝቶች ናቸው፤ ማሲንቆ መቺው አንዷን አውታር በጣቱ ሲያንሸራትት በሁለት ቁልፎች መካከል የሚቀረውን ድምፅ ሁሉ ያወጣዋል። ልጁ ግን ቁልፉ ያለበት ቦታ ላይ ብቻ ይረግጣል። እስክስታው ሲግል ከበሮ መቺ አብሮ ይግላል፤ ስታይሉ ግን አማች ወደቀ ምራት ተነሣች፣ በዚያው ፍጥነት እንደ ወፍጮ ይፈጫል። ድሮ ደግሞ አዝማሪው ኮቴን ገና ከበር አይቶ ግጥም ያወጣልኝ ነበር፤ አልፎ አልፎ ስድብ ነው፣ ቢሆንም ስለ እኔ ነው። ስታይሉ ኮቴን መች አየው?

የልጅ ልጄ ሠርግ ለመጪው ጥር ተቆርጧል። የተዋዋሉት ከዚያው ልጅ ጋር ነው፤ እኔን ማን ጠየቀኝ! ሄድኩና፣ «እሺ ይሁን፤ ቢያንስ ጭብጨባውን የኔን ቅዳልኝ፤ የማን እንደሆነ ይታወቅ» አልኩት። ማይኩን አስጠጋልኝ። አጨበጨብኩ፤ እየሞቀኝ ሲሄድ ትንሽ ፈጠን አልኩ መሰለኝ። ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ «ጋሼ፣ አይቀየሙኝ፤ ምት ይስታሉ» አለኝና የጃፓኑን ጭብጨባ መለሰው።