የጭላዳዎቹ አዲስ አለቃ

መንዝ ውስጥ፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው የጓሳ አምባ ላይ፣ ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ቀኑን ሣር ሲግጥ የሚውል የጭላዳ መንጋ ነበር። አለቃቸው ሲሞት ተሰብስበው መከሩና አንድ ጎረምሳ ሾሙ። የሾሙትም በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ሥር ቆፍሮ በማውጣት የሚስተካከለው ስላልነበረ ነው። «ሹመት ያዳብር!» አሉት፤ ከዚያም ሁሉም ወደየሣሩ ሄደ።

አለቃነት ምን እንደሆነ ለጎረምሳው የነገረው አልነበረም። ስለዚህ የሚያውቀውን ሠራ፤ ቆፈረ። አንዷ ስትንቀራፈፍ ባየ ቁጥር «ዞር በዪ» ብሎ በእሷ ፈንታ ይቆፍራል። ውሻ በታየው ቁጥር ይጮኻል፤ መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይሮጣል። ሲመሽ የእሱ ጣቶች ደምተው፣ መንጋውም ጦሙን ውሎ ወደ ማደሪያው ወረደ።

ማጉረምረም ተጀመረ። «ይሄ ልጅ አይሆንም፤ እንሻረው» ያሉም ነበሩ። ብዙ አለቃ ሲሾምና ሲሻር ያየች አንዲት አሮጊት ግን «የሾምነው እኛው ነን። ማን አስተማረው?» አለቻቸው። መልስ የሰጣት የለም።

ይህን ጥያቄ በየመሥሪያ ቤታችን የሚጠይቅ ቢገኝ ምንኛ ደስ ባለኝ! ጎበዝ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጎበዝ ነርስ ወይም ጎበዝ መምህር ይሾማል፤ ቁልፍና ማኅተም ይረከባል፤ ከዚያ ብቻውን ይቀራል። ዓመት ሳይሞላው «አልቻለም» ይባላል። ጎበዙ ሠራተኛም ጠፋ፣ አለቃም አልተገኘ።

የዚያን ዕለት ማታ አሮጊቷ ከጎኑ ተቀመጠችና የጀርባውን ጠጉር እየፈለቀቀች ቅማሉን ትለቅምለት ጀመር። በመንጋው ፊት አንዲት ቃል አልተናገረችውም ነበር።

«ዛሬ ስንት ሥር ቆፈርክ ልጄ?»

«ኧረ እማማ፣ ቁጥርም የለው!»

«እኔስ የት ነበርኩ?»

ዝም አለ።

«አራሷስ? ልጇን ታቅፋ የት ዋለች?»

ይህንንም አላወቀም።

«እንግዲያው ነገ ጣትህን አሳርፈውና ዓይንህን አሠራው» አለችው።

በማግሥቱ ከአጠገቡ አልራቀችም። አንዷ ሥሩን ከላይ እየበጠሰች ስታበላሽ ጣቶቹ ሲቁነጠነጡ አየችና እጁን ያዘችው። «ተዋት፤ ታወጣዋለች።» በአራተኛው ላይ አወጣችው።

ረፋዱ ላይ ቀይ ቀበሮ ብቅ አለች። ሊጮኽ አፉን ሲከፍት «ቆይ፤ አረማመዷን እይ» አለችው። ቀበሮዋ አንገቷን ደፍታ፣ ግልገሎቹን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ በመካከላቸው አለፈች፤ ዓይኗ የአይጥ ጉድጓድ ላይ ነበር። (ይህ የተረት ፈጠራ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጓሳ ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳዎች መሃል ሆና አይጥ ስታድን ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል፣ ብቻዋን ስትሆን ግን ከአራት አንዴ ብቻ እንደሚሳካላት አሳይቷል።)

«ሮጦ የሚመጣ ውሻና ቀስ ብላ የምትራመድ ቀበሮ አንድ አይደሉም» አለችው። «ለሁሉም ካስሮጥከን፣ ነብር የመጣ ቀን ማን ይሰማሃል?»

እኔ የምወድላት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ቀን አለቃው መንጋውን ተግጦ ወዳለቀ መስክ መራ። አሮጊቷ ሣር እንደሌለው እያወቀች ዝም ብላ ተከተለችው። ሁሉም ተራበ፤ እሱም አፈረ። ከዚያ ወዲህ አስቀድሞ ሁለት ጎረምሶች ልኮ መስኩን ሳያስቃኝ አልተነሳም። ሌላ ቀን ደግሞ ነብር በሚያደባበት ቁጥቋጦ በኩል ሊያሳልፋቸው ሲል ከፊቱ ቆማ ጮኸችበት።

«ያን ጊዜ ዝም ብለሽኝ ዛሬ ለምን ጮኽሽብኝ?» አላት ማታ።

«የተራበ በነጋታው ይጠግባል። ነብር የበላውን ማን ይመልሰዋል?»

በጋው ሲያልቅ አሮጊቷ ከጎኑ ራቅ እያለች፣ ከመንጋው ኋላ መሄድ ጀመረች። አንድ ማለዳ አምባውን ጉም ሸፈነው። ይውጡ ወይስ ይቆዩ? መንጋው በሙሉ ወደ አሮጊቷ ዞረ፤ አለቃውም ጭምር።

«እኔን ምን ታዩኛላችሁ? አለቃችሁ ያውላችሁ» ብላ የልጅ ልጇን ጠጉር መፈልቀቋን ቀጠለች።

አለቃው አራሷ የት እንዳለች አየ፤ ግልገሎቹን ቆጠረ፤ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ጉሙ እስኪገፈፍ ማንም ንቅንቅ እንዳይል» አለ።

«ርቦኛል እኮ!» ብሎ አንዱ አጉረመረመ።

«እኔም ርቦኛል። ቁጭ በል» አለው።

ተቀመጠ።