ጥርስ ጨምርልኝ

(መርካቶ፣ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት። ጡረታ የወጡት የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ጋሽ ወርቁ አንድ የሪሞት መኪና ከፌስታል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣሉ።)

ሳሚ፦ ጋሼ፣ ይሄማ ተቃጥሏል። ሽታው ከእርስዎ ቀድሞ ነው የገባው።

ጋሽ ወርቁ፦ ልጄ ከቨርጂኒያ ለልጅ ልጄ ያመጣችለት ነው። ያበላሸው ልጁ ነው።

ሳሚ፦ ስንት ዓመቱ ነው?

ጋሽ ወርቁ፦ ሁለት።

ሳሚ፦ እና የሁለት ዓመት ልጅ ነው ባለ 2 ሴሉን ባትሪ አውጥቶ ባለ 3 ሴል ሊፖ የገጠመው?

ጋሽ ወርቁ፦ እኔ አማክሬው ነው።

ሳሚ፦ ሌላስ ምን አማከሩት?

ጋሽ ወርቁ፦ የጎረቤታችን መኪና ግቢ ውስጥ ሲቀድመኝ... ማለቴ ልጁን ሲቀድመው፣ ባትሪውን ከ7.4 ቮልት ወደ 11.1 አሳደግን። ፈጠነ። ደስ ሲለን ሞተሩ ላይ ያለችውን ባለ 20 ጥርስ ትንሽ ማርሽ፣ ፒኒዮኗን፣ አውልቀን ባለ 26 አስገባን። መቼም ዕድገት ማለት መጨመር ነው።

ሳሚ፦ ሞተሩ ላይ 3300 ኬቪ ይላል። አይተውታል?

ጋሽ ወርቁ፦ አይቼ ነው የኮራሁት። ጉልበቱ አይደል?

ሳሚ፦ አይደለም። ጭነት ሳይኖርበት ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 3300 ዙር ይዞራል ማለት ነው። በ7.4 ቮልት 24,420 ዙር፣ በ11.1 ደግሞ 36,630። ባትሪውን በመቀየር ብቻ በግማሽ ጨምረዋል። ያኔ ጥርሱን መቀነስ ነበረብዎት።

ጋሽ ወርቁ፦ መቀነስ? ሠላሳ ዓመት ሥራ ስመራ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም! ዕቅድ ከታች ሲመጣልኝ 20 በመቶ ጨምሬበት ነበር የምፈርመው።

ሳሚ፦ ሠራተኛውስ?

ጋሽ ወርቁ፦ ይግላል፤ ግን ይሠራል።

ሳሚ፦ ሞተር ሲግል ግን አይፈራዎትም። ይኸው፣ ትልቁ ማርሽ 80 ጥርስ አለው። በባለ 20ው ሞተሩ 4 ጊዜ ሲዞር ማርሹ አንዴ ይዞር ነበር። በባለ 26ቱ 3 ጊዜ ከምናምን ሆነ። ፍጥነት ሲፈልጉ ጉልበቱን ቀሙት። እሱም ያንን ለማካካስ ከባትሪው ብዙ ከረንት ይስባል። ከረንቱ እጥፍ ሲሆን የተጠቀለለው ሽቦ ላይ ያለው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ማግኔቱም ከልክ በላይ ከጋለ አቅሙን ያጣል፤ ቢቀዘቅዝም አይመለስለትም። አዲስ አበባ ደግሞ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ እንደ ቆላው አያቀዘቅዝም።

ጋሽ ወርቁ፦ ማበረታቻ ቢሰጠውስ?

ሳሚ፦ ማራገቢያ ይገጠምለታል።

ጋሽ ወርቁ፦ በእኛ መሥሪያ ቤት ማራገቢያ ለኃላፊ ብቻ ነበር።

ሳሚ፦ ከነዱ በኋላ ሞተሩን በእጅዎ ነክተውት ነበር?

ጋሽ ወርቁ፦ ነክቼው ጣቴን አቃጠለኝ። የሠራተኛ ቅሬታ መስሎኝ አለፍኩት።

ሳሚ፦ በሉ፣ አዲስ ሞተር እገጥማለሁ። ስፒድ ኮንትሮለሩ 3 ሴል የሚችል ስለሆነ ተርፏል። ባለ 3 ሴሉን ካልለቀቁ ግን ፒኒዮኑ ወደ 14 ጥርስ ይወርዳል።

ጋሽ ወርቁ፦ አሥራ አራት! የእኔ አፍ ውስጥ እንኳ ከዚያ ይበልጣል።

ሳሚ፦ ከዱሮው ትንሽ በለጥ ብሎ ይሮጣል እኮ።

ጋሽ ወርቁ፦ ታዲያ ለትንሽ ብልጫ ነው ያን ሁሉ ቮልት የጨመርኩት?

ሳሚ፦ ያንኑ ሥራ በትንሽ ከረንት እንዲሠራ ነው። ከቆመበት ሲነሳም ይወረወራል። (ሁለቱ ማርሾች መሐል ቁራጭ ወረቀት አስገብቶ ሞተሩን ያስጠጋል፤ ብሎኑን ያጠብቅና ወረቀቱን ይስባል።) ክፍተቱ የዚህን ወረቀት ያህል ነው መሆን ያለበት። ከጠበቀ ያቃስታል፣ ከላላ ጥርሱን ይበላዋል። ትንሽ ነድተው ሞተሩን ይንኩት፤ ጣትዎን አምስት ሰከንድ ማሳረፍ ካቃትዎ አምጡት፣ አንድ ጥርስ እንቀንሳለን።

ጋሽ ወርቁ፦ (ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ሳሚዬ፣ ግቢው የሚያውቀው 26 መግባቱን ነው። ቀነሰ ከተባለ ሁለተኛ ጡረታ የወጣሁ ነው የሚመስላቸው።

ሳሚ፦ እየቀደማቸው ማን ጥርስ ይቆጥራል?

ጋሽ ወርቁ፦ እሺ፣ አንተ ቀንስ። ደረሰኙ ላይ ግን «በተሻሻለው ዕቅድ መሠረት ጥርስ ተጨምሯል» ብለህ ጻፍልኝ፤ ማኅተሙን አትርሳ።