ማን ይናገር ያልነበረ

አባቶቻችን «ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ» በሚል ተረት ብዙ አዋቂ አፍ ዘግተው ኖሩ። ስንት ግሩም አስተያየት በዚህ ተረት ሰበብ ጉሮሮ ላይ ቀረ! ጦርነቱን ለማውራት ጦርነቱ ላይ መዋል፣ ሞቱን ለማርዳት አፈር ማልበስ ግድ ነበር። እንዲህ ያለው ጨቋኝ ደንብ ዛሬ ዘመሮ ላይ ተሽሯል። በነጋሪት ጋዜጣ ሲወጣ አላየሁም። የገበያ ቀን አንዱ ጠላ ቤት ገብቶ ጥግ የያዘ ሰው ግን አዲሱን አዋጅ በጆሮው ይሰማል፤ ማን ይናገር ያልነበረ።

ዘመሮን ለማታውቋት፣ የመንዝ ቀያ ገብርኤል ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ብርዷ ሰውን ቤት ያስገባል፤ ቤት የገባ ሰው ይጠጣል፤ የጠጣ ሰው ዓለምን ያስተካክላል። የገብስ ጠላ የመጀመሪያው ጣሳ ላይ የአየሩ ነገር ይነሳል፤ ሁለተኛው ላይ የመካከለኛው ምሥራቅ፤ ሦስተኛው ላይ ሕንድ።

ሕንድ የጋሼ ተንታኝ ልዩ ሙያ ናት። «ተንታኝ» እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም፤ እኛ ነን ያወጣንላቸው። ደግሞም አንድ ሰው ናቸው አልልም። በየጠላ ቤቱ፣ በየለቅሶ ድንኳኑ፣ በየሚኒባሱ የኋላ ወንበር አንዳንድ ጋሼ ተንታኝ አይጠፋም። እኔ የማወራላችሁ የእኛን ሰፈር ድርሻ ነው።

ሕንድን ያወቋት እንዲህ ነው። በንጉሡ ዘመን ሕንዳውያን መምህራን በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር፤ ጋሼም ደብረ ብርሃን ወርደው ሲማሩ አንድ ሕንዳዊ የሂሳብ መምህር ደረሳቸው። ሰውየው ሲናገር ራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። «አዎ» ማለቱ ይሁን «አይደለም» ማለቱ ሳይለይ ሰኔ ደረሰ። ጋሼ ሂሳቡን ወደቁ፤ ሕንድን ግን ጨርሰው ወጡ። በ2015 ዓ.ም. ሕንድ በሕዝብ ብዛት ቻይናን ቀደመች፣ ከአንድ ቢሊዮን አራት መቶ ሚሊዮን በላይ ሆኑ ሲባል ሁሉም «ጉድ!» አለ። ጋሼ አልደነቃቸውም። አንዱን በቅርብ ያውቁታል፤ የቀረው ያው ነው።

በዚህ እውቀት ላይ ያልተገነባ ነገር የለም። «ሕንዶች ላም አያርዱም፣ ወተቷን ግን ይጠጣሉ። እኛ በሁዳዴ ሁለቱንም እንተዋለን። ስለዚህ በሃይማኖት እንበልጣቸዋለን» ይላሉ፤ ጣሳውም ይነሳል። ሌላ ቀን ደግሞ የጋብቻ ነገር ሲነሳ፣ «እዚያ ጥሎሹን የሚያመጣው የሴት ወገን ነው፤ ሦስት ወንድ ልጅ ወልጄ እዚህ መቅረቴ!» ብለው ከልባቸው አዘኑ። አንድ ወጣት መምህር፣ ገና ከዩኒቨርሲቲ የመጣና የቤቱን ሥርዓት ያልለመደ፣ «እሱ እንኳ በሕንድ ሕግ ከተከለከለ ቆይቷል፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ» ብሎ ነበር። ጋሼ በርኅራኄ አዩት። «ሕጉንማ እኔም አውቀዋለሁ፤ የማወራህ ስለ ሰዉ ነው።» ልጁ ከዚያ ወዲህ ሌላ ቤት ነው የሚጠጣው።

ጀግንነታቸው የታየው ግን በ2015 ክረምት ነው። ሕንድ ቻንድራያን 3 የተባለች መንኮራኩሯን በጨረቃ ደቡብ ዋልታ አጠገብ ያሳረፈችው በዚያ ዓመት ነሐሴ 17 ቀን ነበር። በዚያው ክረምት እኛ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ነበር። ሕንድ ከጨረቃ ፎቶ ስትቀበል የእኛ ሰው ከጎረቤት ከተማ ከመሐል ሜዳ ፎቶ መቀበል ተስኖት ነበር ማለት ነው። ኢንተርኔት ሲጠፋ አስተያየትም ይጠፋል ብሎ የሰጋ ካለ ጋሼን አያውቃቸውም። ባትሪዋ በላስቲክ የታሰረች ሬዲዮ አለቻቸው፤ ማታ ማታ ዋሽንግተንንም ቦንንም እየቆራረጠች ታመጣላቸው ነበር። የተቆረጠውን እሳቸው ይሞሉት ነበር። «ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር» የሚለው ተረት ሳይገባቸው ቀርቶ አይደለም፤ መላ ስላልነበረ ጨው ጨመሩ።

«ሕንድ ተሳስታለች» አሉ በማግስቱ። «ደቡቡን ምን አስመረጣት? እዚያ ብርዱ አያስቀምጥም። ብርድን ደግሞ እኔን ጠይቁኝ።» እውነታቸውን ነው፤ ለጨረቃ ዋልታ ከመንዝ ሰው የተሻለ ማን ሊያዝንለት ይችላል? ባለቤታቸው እትዬ ቆሎ ይዘው ገብተው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «እነዚያ ሕንዶች እላይ ደርሰው ቁልቁል ካዩ፣ አጥራችን በየት በኩል እንደ ተደረመሰ ይንገሩልኝ። የሰው በግ ገብሳችን ላይ ነው» አሉ። ጋሼ ሴት በሳይንስ ጉዳይ ስትገባ ነገሩ እንደሚበላሽ በአጭሩ አስረድተው ወደ ጨረቃ ተመለሱ።

በኢኮኖሚም አይታሙም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቆ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 75 ብር አካባቢ ሲዘል፣ ጋሼ «ብያችሁ ነበር» አሉ። ብለውን ነበር። በ1985 ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣም ብለውን ነበር፤ በመካከል በነበሩት ሠላሳ አንድ ዓመታትም በየሳምንቱ ብለውናል። ጋሼ የዶላር ኖት በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ይህ ጉድለት ሳይሆን ገለልተኝነት ነው። ቻይናን ሲያወግዙም የለበሷት ጃኬት የቻይና ናት። እናታቸው ፈትለው ያሠሩላቸው ባና ሳጥን ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል። መንዝ የበጉን ጸጉር ፈትሎ ባናውን፣ ዝተቱን፣ በርኖሱን ለሸዋ ሲያለብስ የኖረ አገር ዛሬ ለምን ትከሻው ላይ የፋብሪካ ጨርቅ እንደ ዋለ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። «እሱን ተወው» አሉኝ፤ «እሱ የቤት ወሬ ነው።»

የቤት ወሬ! እዚህ ላይ ነው የጋሼን ሳይንስ ሕግ ያገኘሁት። ድምፃቸውን ለክቼዋለሁ። ኒው ዴልሂ ላይ ሲሆኑ ድምፃቸው ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጣል። አዲስ አበባ ሲደርሱ ወደ ጠረጴዛው ጎንበስ ይላሉ። ጣርማ በርን ተሻግረን ወደ መንዝ ስንገባ በሩን ዝጉ ይባላል። ዘመሮ ላይ ሹክሹክታ ይሆናል፤ በገዛ ቀበሌያቸው ጉዳይ የሚሰማው የጣሳው ድምፅ ብቻ ነው። ነገሩ የራሳቸው ጓሮ ሲደርስ «ኧረ ዛሬ ይሄ ጠላ ቀጥኗል» ብለው አሳላፊዋን ይጠራሉ።

አንድ ጊዜ ስለ ማዳበሪያ ስብሰባ ተጠራ። የመጣው ስንት ነው፣ ለማን ተሰጠ፣ የማን ስም ቀረ፣ የሚናገር ካለ እጁን ያውጣ ተባለ። ሁላችንም ወደ ጋሼ ዞርን። የሕንድን የአምስት ዓመት ዕቅድ ያረቀቁ ሰው ይህችን ያጧታል ማን ይላል? ጋሼ ጫማቸውን አዩ። ቀጥሎ የጎረቤታቸውን ጫማ አዩ። ስንወጣ ምነው ብላቸው፣ «ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። ልክ ናቸው፤ ዝምታቸው አልነቀዘም። ባቄላቸውን ግን ቆርምድ በላው። ይህ ቅጠሉን እየቆረመደ የሚያደርቀው በሽታ በሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ አሥር ምናምን ዓመት ሲመላለስ ጋሼ አንድም አስተያየት ሰጥተውበት አያውቁም። ስለ ባቄላ የሚያወራ ሬዲዮ አላገኙም መሰለኝ።

ፈሪ ናቸው ያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሰውየው ሂሳብ ቢወድቁም ይህችን ስሌት አልሳቱም። የሕንዱን መሪ ናሬንድራ ሞዲን አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያወግዟቸው፣ ሞዲ ተቆጥተው ከማዳበሪያ ዝርዝር አያወጧቸውም። ለልጃቸው የድጋፍ ደብዳቤ አይከለክሉም፤ «ጠዋት ቢሮ ይምጡና ይነጋገሩ» ብለው ሰው አይልኩም። ሞዲ ለመንዝ ሰው የተሰጡ የነጻነት አደባባይ ናቸው። ሌላው ወጪም አለ። አጥር ወድቋል ያለ ሰው ጠዋት እንጨት እንዲያመጣ ይጠበቃል። ብሪክስ ወድቋል ያለ ሰው ምንም እንዲያመጣ አይጠበቅም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ብሪክስን ስትቀላቀል የቤቱ ሰው ሁሉ ደግፎም ተቃውሞም ሲያበቃ፣ ሒሳብ ሲከፈል ግን ተሟጋቹ በሙሉ ለሽንት ወጥቶ ነበር።

ያረጁት አባቶቻችን ግን ምን ያህል ኋላ ቀር ነበሩ! ጎረቤታችን መንዝ ጌራ ላይ ያለውን የጓሳን የሣር መሬት ተመልከቱ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይባላል፣ «ቀሮ» በሚሉት ሥርዓት ሣሩን ለዓመታት ይዘጉታል። ሲደርስ ተመካክረው ከፍተው ለቤት ክዳኑም ለገመዱም ያጭዱታል፤ አልፎ የተገኘውን ይቀጣሉ። ስለ ሕንድ አንድ ቃል አልተናገሩም። ስለ ሣር ብቻ! ያውም በእጃቸው ስለሚደርሱበት ሣር፤ ያውም «ይዘጋ» ያለው ሰው ራሱ ወጥቶ እየጠበቀ። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሰዉ ከዚህ ሁሉ ድካም ተገላግሎ ለዓለም ጉዳይ ነጻ መሆን በተገባው ነበር። ግትር ነውና እንደገና ተሰብስቦ ሌላ ደንብ አወጣና ጓሳን እስከ ዛሬ ይጠብቀዋል። ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው የሚኖሩት በእነዚህ የዓለምን ፖለቲካ በማይከታተሉ ሰዎች ምክንያት ነው።

ፈረንጁም ቢሆን ቀርፋፋ ነው። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን መንዝን ሊያውቅ ባሕር አቋርጦ መጣ። ቋንቋ ተማረ፣ ከሰዉ ጋር ተቀመጠ፣ ጠየቀ፣ ጻፈ፤ ሰምና ወርቅ የሚለው መጽሐፉ የወጣው በ1965 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ዓመታት! ጋሼ ሕንድን ከነ ጨረቃዋ በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት ያጠናቅቃሉ፤ ትራፊውን ለፓኪስታን ያውሉታል።

ይህ ሙያ ደግሞ የመንዝ ብቻ አይደለም። ዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ አንድ የአገራችን ልጅ አለ፤ ከሄደ ሃያ ዓመት አልፎታል። ዘመሮ ላይ ማን መቆም፣ ማን መቀመጥ፣ ማን መዝመት እንዳለበት በየቀኑ በስልክ ይወስናል። ስለሚኖርበት ሰፈር ጠይቁት፤ ማን እንደሚያስተዳድረው አያውቅም። በተቃራኒው ጋሼ ተንታኝ ስለ አሜሪካ ምርጫ ከእያንዳንዱ ግዛት ድምፅ ጋር ይነግሯችኋል። ሁለቱን ቢያቀያይሯቸው ሁለቱም አገሮች ሰላም ያገኙ ነበር ብዬ አስባለሁ። ሁለቱም አንድ ሳምንት ሳይሞላቸው ዝም ይላሉ።

እኔስ? እኔም ይህን የምጽፈው አራት ኪሎ ቁጭ ብዬ ነው። የማኪያቶዬን ዋጋ መጨመር ለአስተናጋጇ መናገር አፍሬ የዘመሮን ሰው አፍ እለካለሁ። ደንቡ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ባለፈው ለበዓል ስወጣ ጋሼን ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። አጥሩ ያው ወድቋል፤ ነገር ግን እትዬና ትንሹ ልጃቸው እንጨት ተክለው በጓሳ ገመድ እያሰሩት ደረስኩ። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው በሩ ላይ ቆመዋል። ሕንዶች ሙምባይ ላይ ለአጥር ምን እንደሚጠቀሙ፣ የእኛ አተካከል ለምን እንደማይጸና ለልጁ ያብራሩለታል። እትዬ ቀና ሳይሉ የገመዱን ጫፍ ወደ ኋላ ዘረጉላቸው።

«እስቲ ይቺን ይያዙልኝ።»

ያዙ። በግራ እጃቸው። ቀኝ እጃቸው ሙምባይን እያሳየን ነበር።