ኩሽኔታው ጮኋል፦ ስለ ጋራዥ ቅኔ የተደረገ አጭር ጥናት

ቅኔ በዋሸራና በጎንጅ ጉባኤ ቤት ብቻ ይነገራል የሚለው እምነት ስሕተት ነው። በጌዴኦ ዞን፣ ከዲላ ይርጋጨፌ፣ ከይርጋጨፌ ኮንጋ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በክሪክ በተነሳ መኪና ሥር በጀርባቸው የተኙ ባለቅኔዎች አሉ። ዋናው ቅኔያቸው ሁለት ቃል ነው፦ «ኩሽኔታው ጮኋል።» ሰሙ መቀየር ያለበት ዕቃ አለ ማለት ነው። ወርቁ ደግሞ «ሰውዬው ምንም አያውቅም» ነው። ይህ ጥናት የተካሄደው በአንዲት አሮጌ ኮሮላ ላይ ነው። ወጪውን የሸፈነው አጥኚው ራሱ ሲሆን ሌሎች ብዙ ሰዎችንም በዚያው ደግፏል።

የቋንቋው ነገር

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተሸንፎ ሲወጣ ፍሬኑን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውንና ባሌስትራውን ጥሎልን ሄደ። ጎማ ጠጋኙን «ጎሚስታ»፣ ምርመራ ላለፈ መኪና የሚለጠፈውን ወረቀት «ቦሎ» የምንለው በዚሁ ውርስ ነው። ግእዝ ያልተማረ ምእመን በቅዳሴ መሐል አሜን የሚባልበትን ቦታ እንደማይስተው ሁሉ፣ ጣሊያንኛ ያልተማረ ደንበኛም «እሺ» የሚባልበትን ቦታ አይስትም።

ግኝት አንድ፦ ሁለተኛው ቀዳዳ

የአጥኚውን ጎማ ምስማር ወጋው። ጎሚስታው የውስጥ ጎማውን ነፋና ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ውኃ ውስጥ ነከረው። አረፋ ከአንድ ቦታ ቡልቅ ቡልቅ አለ። በዚህ መሐል ስልክ ተደወለና አጥኚው ዘወር አለ። ሲመለስ አረፋው ከሦስት ቦታ ይወጣ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ቀዳዳ የሚበዛው ደንበኛው ከበርሜሉ በራቀ መጠን መሆኑን ነው።

ግኝት ሁለት፦ የዘመን አቆጣጠር

ጊዜው ጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነበር። «አዲስ ነው ጋሼ፣ የዘንድሮ! ይኸው 16 ይላል» አለ የጎማ ሻጩ። እውነትም በጎማው ጎን ላይ «1216» የሚል ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ጎማው የተመረተበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ችግሩ ጎማ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አለመወለዱ ነው፤ የፈረንጆቹ 2016 12ኛ ሳምንት በእኛ መጋቢት 2008 ላይ ይውላል። ጎማው ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ነበርና፣ ሻጩ ጎማውን ወረፋ ያስያዘው ይመስላል።

ግኝት ሦስት፦ «ለነፍስዎ ነው»

መኪናዋ የገባችው ዘይት ልትቀይር ነበር። መካኒኩ ከሥሯ ወጣ። ዝም አለ። እጁን በዘይት ጨርቅ እየጠረገ ራሱን ነቀነቀ። «ጋሼ፣ እስካሁን በዚህ ፍሬን ነው ሲነዱ የኖሩት? እኔ ገንዘብ ፈልጌ አይደለም፣ ለነፍስዎ ነው።» ቀጥሎ ረዳቱ ወደሚያውቀው መለዋወጫ ሱቅ ተላከ። ዕቃው «ኦሪጅናል» ሆኖ መጣ። አጥኚው ዋጋ አልተከራከረም፤ ለቅሶ ቤት ዋጋ አይከራከሩም።

ውይይት

አስደናቂው ነገር ይህ የሚሆነው ኮንጋ አካባቢ መሆኑ ነው። የኮንጋ ገበሬ እሸት ቡናውን ሲያስረክብ ጎንበስ ብሎ የሚዛኑን መርፌ ያያል። ያልበሰለውን ከቀዩ ይለያል። ቡናው ገበያ ሲደርስም ናሙና ተወስዶ፣ እንከኑ ተቆጥሮ፣ ተቀምሶ ነው ደረጃ የሚሰጠው። ያው ሰው ሞተር ሳይክሉን ለጥገና ሲያስገባ ግን ፊቱን አዙሮ ሻይ ይጠጣል። ዓይን አጥቶ አይደለም። ስለ ቡና መጠየቅ ዐዋቂነት ነው፤ ስለ ፍሬን መጠየቅ ግን አላዋቂ የሚያስብል ይመስለዋል። የጋራዥ ቅኔ የሚኖረው በዚህ ሐፍረት ነው።

የመፍትሔ ሐሳብ

መኪናን እንደ ቡና መቁጠር ነው። የፍሬን ሸራው አልቋል ከተባለ ጎማው ይፈታና ይታይ። ኩሽኔታው ጮኋል ከተባለ፣ በክሪክ የተነሳውን ጎማ ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተወዛወዘ ቅኔው ሰምም ወርቅም አለው ማለት ነው። ዋጋ የሚነገረው ከመፈታቱ በፊት ነው። ደረሰኝ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሕግ ሸማቹን የሚጠብቀው ሸማቹ ወረቀት ሲይዝ ነው። የተቀየረው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ጌዴኦ ከባድ ጉዳይ ሲገጥመው በባህላዊ ሸንጎው፣ በሶንጎ፣ ተቀምጦ ይመክራልና፣ ጋራዥም ብቻን አይኬድም።

የጥናቱ ውስንነት

አንድ ቀን መኪናዋ ጮኸች። ይርጋጨፌ አንድ ወጣት መካኒክ በክሪክ አነሳት፣ ጎማዋን ነቀነቀ፣ አሽከረከረ፣ ጆሮውን ሰጠ። ከዚያ በካቻቢቴ ከፍሬኑ ሥር ጠጠር ፈልቅቆ አወጣና አጥኚው መዳፍ ላይ አኖረው። «ምንም የለባትም ጋሼ፤ ይቺ ናት የምትጮኸው።» አጥኚው ገንዘብ ሲያወጣ ልጁ «ለጠጠር አላስከፍልም» አለ።

አጥኚው አመሰገነው። መንገድ ሲጀምር «ይሄ ልጅ ገና ሥራውን አልቻለም» ሲል አሰበና ሌላ ጋራዥ ገባ። እዚያ ያለው መካኒክ ጎማዋን አልነካም። ራሱን ነቅንቆ «ኩሽኔታው ጮኋል» አለ። አጥኚው አሮጌውን ዕቃ እንኳ ሳይጠይቅ ከፈለ።