አሳማ ነህ አሉኝ

ከሴኡል ወደ ቹንቾን በሚሄደው ባቡር ውስጥ አንዲት አሮጊት መንደሪን እየላጡ አሳማ ነህ አሉኝ። ያሉት እንኳ «ዱዌጂ» ነው። ኮሪያኛዬ ገና የሁለት ወር ቢሆንም ይህችን ቃል ከ«እንደምን ዋላችሁ» ቀድሜ ነው ያጠናኋት፤ የተማሪዎች ካፌ ገብቼ የምበላው እሷን ከምግቡ ስም ውስጥ ፈልጌ ያጣሁ እንደሆነ ብቻ ነው።

ምን በድያቸው ይሆን ብዬ ወደ ዶርም ጓደኛዬ ዞርኩ። እሱ እቴ! ራሱን እየነቀነቀ «አዎ፣ አሳማ ነው» ብሎ አረጋገጠላቸው።

ለካ ስድብ አይደለም። እዚያ አገር ዓመታት በአሥራ ሁለት እንስሳት ይዞራሉ፤ ትልልቅ ሰዎች ዕድሜህን ማወቅ ሲፈልጉ እንስሳህ ምንድነው ይሉሃል። ጓደኛዬ በ1995 መወለዴን ነግሯቸዋል፤ 1995 ደግሞ የአሳማ ዓመት ነው።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ዶርም የገባሁ ዕለት ይህ ልጅ ስሜን ሳይጨርስ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተወለድኩ ጠየቀኝ። ከአውሮፕላን ወርጄ ዓይኔ እየተከደነ ስለነበር ዕድሜ ልኬን የምለውን አልኩት፤ 1995። እሱ የ2001 ልጅ ነው። በጣቱ ቆጠረ፣ ከአልጋው ተነሣ፣ ጎንበስ አለ። «ህዮንግ» አለኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ሻንጣዬን ተሸካሚ እሱ፣ በር ከፋች እሱ። ምግብ ቤት ስንቀመጥ ከጠረጴዛው ሥር ያለውን መሳቢያ ይስብና ማንኪያና ቾፕስቲክ ያወጣል፤ ሶፍት አንጥፎ በላዩ ያስተካክልልኛል። ውሃ ሲቀዳልኝ ግራ እጁ የቀኝ ክርኑን ደግፋ ነው። ውትድርናውን ጨርሶ የተመለሰ ጎረምሳ እኮ ነው!

ስህተቴ የገባኝ በማግስቱ ነው። ያልነገርኩት የዘመን አቆጣጠራችንን ማስረዳት ረጅም ስለሆነ ነው እያልኩ ራሴን ሳባብል ሁለት ወር አለፈ። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ቤት ውስጥ የመጨረሻው ልጅ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ «ውሃ አምጣ» ስባል የኖርኩ ሰው ነኝ።

አሮጊቷ ግን አልዋጥላቸው አለ። መንደሪን መንደሪን በሚሸት እጃቸው አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞሩት።

«የኔ የልጅ ልጅ አሳማ ነው። ፀጉሩ አልቋል። ይሄ አሳማ አይደለም። መታወቂያህን!»

የሰማንያ ዓመት ሴት ሲያዙ ማን እምቢ ይላል? የውጭ ዜጋ መታወቂያዬን አወጣሁ። 2003 ይላል።

«በግ!» አሉ፣ ፉርጎው በሙሉ እስኪሰማ። ወዲያውም አንዷን የመንደሪን ክፋይ አፌ ውስጥ ከተቱ፤ እናቴ ብታይ ጉርሻ ነው የምትለው።

ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ዓመት መሆናቸውን ለማስረዳት ተንተባተብኩ። ጓደኛዬ መስኮት መስኮቱን ያያል። አሮጊቷ ግን ቶሎ ገባቸው። ድሮ በእነሱ አገር ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከዚያም አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር አንድ ይጨመርለታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ግን ዕድሜ ከልደት ቀን ይቆጠር ብሎ አገሩን ሁሉ በአንድ ሌሊት በአንድ ሁለት ዓመት ልጅ አደረገው። እሳቸው አልተቀበሉትም። «መንግሥት አልሰጠኝ፣ ምን ብሎ ይወስድብኛል?»

ይህ የዕድሜ ጥያቄ መጀመሪያ ላይ ያበሽቀኝ ነበር። በእኛ አገር ሰው «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል እንጂ እንደ ቀበሌ መዝጋቢ ዓመተ ምሕረት አይጠየቅም። ኋላ እንደገባኝ ግን ኮሪያውያን ሳይጠይቁ ቢያወሩ ግሱን የሚዘጉበት ያጣሉ፤ ለታላቅና ለታናሽ መጨረሻው ይለያያል። እኛስ «ተቀመጥ»ና «ይቀመጡ» አለን አይደል? ልዩነቱ እኛ እንገምታለን። አንድ ቀን መገናኛ ታክሲ ውስጥ ለአንዲት ሴት «እዚህ ይቀመጡ» ብዬ ብነሣ፣ ቢበዛ ሠላሳ አምስት ዓመቷ ቢሆን ነው፣ ያየችኝ አስተያየት እስካሁን አይረሳኝም። እንስሳሽ ምንድነው ብላት ይሻል ነበር።

ቹንቾን የሄድነው ጎጆ የሚመስል ጣሪያ ያለውን የኮሪያ ጦርነት ዘማቾቻችንን መታሰቢያ ለማየት ነበር። ኩርፊያውን ለመስበር ያህል «ቃኘው ሻለቃ በ1943 ነው የዘመተው» አልኩት።

«ጦርነቱ በ1950 ነው የጀመረው» አለ። «ሰባት ዓመት ቀድማችሁ ደረሳችሁ?»

ለቀጠሮ ሰባት ደቂቃ ቀድሜ ደርሼ አላውቅምና ምን ልመልስ? ጃንሆይ እዚያው ሐውልት ለመመረቅ የመጡበትን ግንቦት 1960 ላነሣ አስቤ ተውኩት፤ ድንጋዩ 1968 ይላል።

ምሳ ሰዓት ዳክጋልቢ ቤት ገባን። ዶሮውና ጥቅል ጎመኑ ፊታችን ባለው ሰፊ ምጣድ ላይ ይንጫጫል። ጓደኛዬ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ።

«ማንኪያ» አለኝ። ህዮንግ የለ፣ ምን የለ።

መሳቢያውን ሳብኩ፤ ሶፍቱን አነጠፍኩ። በዚያው ቅጽበት እናቴ ደወለች።

«እማዬ፣ እኔ በእርግጥ በ95 ነው የተወለድኩት?»

«ኧረ በ96 ነው! ትምህርት ቤቱ አልደረሰም ቢል አባትህ አንዷን ጨመረልህ እንጂ። ምነው?»

ስልኩን ዘግቼ 2004ን ፈለግሁ። ጦጣ።

«እናትህ ምን አሉ?» አለኝ ጓደኛዬ፣ አፉን ሞልቶ።

«ሰላም በልልኝ ብላለች» አልኩና ውሃ ቀዳሁለት፤ ግራ እጄን ከክርኔ ሥር አድርጌ።