ዶልፊን ውሃ ሊገባ ነው

ጀንፈል ዋጋ ካወጣ ወዲህ ልጆቹ አብደዋል። ድሮ ቡና ሸጦ ቀን የወጣለት ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል፣ በቅሎ ይገዛል፣ ቢበዛ ከወንድሙ ጋር ተጋርቶ አይሱዙ ያወጣል። የዛሬዎቹ በ2017 የዓለም የቡና ዋጋ ጣሪያ ሲነካ የደረሳቸውን ብር ታቅፈው ከረሙ፣ መከሩ፣ ዘከሩ፣ በመጨረሻም ጀልባ እንግዛ አሉ። ጀልባ! ከጅማ ደዶ! ሸኪ ተቀምጦ! እኛ በካሮትና በድንች የምንታወቅ የደጋ ሰዎች ነን። ከደጄ ቆሜ የማየው ውሃ ከጣሪያዬ የሚወርደው ብቻ ነው። ወደ ደቡብ ቁልቁል ብትወርዱ ጎጀብ አለ፤ እሱ ደግሞ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ሳይሆን ጀልባ የሚበላ ወንዝ ነው።

ጠንሳሹ የእህቴ ልጅ ነው። ሐሳቡ ጀልባዋን አሰንዳቦ በኩል አውርዶ ግልገል ጊቤ ላይ ሊያንሳፍፍ፣ ቅዳሜና እሑድ ከጅማ የሚመጣውን ሰው ሊያዞር፣ በሌላው ቀን ደግሞ ከአጥማጆቹ ቆሮሶና አምባዛ እየሰበሰበ ለከተማ ሊያቀርብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ሐሳብ መቼ ጠፍቶን ያውቃል። ግድቡ በ1996 ሥራ ሲጀምር 184 ሜጋ ዋት መብራቱ ወደ መስመሩ ሄደ፣ ሐይቁ ለእኛ ቀረ። የስንቱ እርሻና ግጦሽ ከሥር ገብቷል። በበጋ ውሃው ሲሸሽ ዳሩ ጭቃ ነው፤ የትኛው ጋ ጉቶ፣ የትኛው ጋ ድንጋይ እንዳለ የሚያውቀው የድሮው አራሽ ብቻ ነው። እሱን ግን ማን ይጠይቀዋል? ጂፒኤስ አለና።

እኔን ግን ጠይቀውኛል። «ጋሼ፣ እርስዎ የሞተር ሰው ነዎት፣ ይምከሩን» አለኝ የእህቴ ልጅ። ምክር የሚጠይቀኝ ሁሌም ቀብድ ከከፈለ በኋላ ነው።

የሞተር ሰው ያሰኘኝ ወፍጮ ቤት ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት ከሊስተር ጋር ነው፤ አንድ ፒስተን፣ 6 የፈረስ ጉልበት፣ በደቂቃ 650 ዙር። ሰፈሩ በድምፁ ሰዓት ይቆጥር ነበር። ከሊስተር የተማርኩት አንድ ነገር ነው፦ ሞተር ለብቻው አይገዛም። የሞተሩ ፑሌጃና የወፍጮው ፑሌጃ ካልተመጣጠኑ ወይ ድንጋዩ ዱቄቱን ያቃጥላል፣ ወይ ሞተሩ እያቃሰተ ይቆማል። ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። «ስንት ፈረስ እንደሆነ ያውቃሉ ጋሼ?» አለኝ። ከፈረስ ጉልበት ሌላ የሚያውቁት ነገር የለም። አንዱ እንኳ ፈረስ ጋልቦ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ የፈለጉት ዓይነት ጀልባ ሞተሩ እንደ መኪና ከሆዱ ውስጥ ይቀመጣል። ከኋላው፣ ከጀልባው ግድግዳ ውጭ፣ እግር ይንጠለጠላል። ስተርንድራይቭ ይሉታል። ጉልበቱ ግድግዳውን ሰንጥቆ ይወጣል፣ በማርሽ ወደታች ይታጠፋል፣ ቁልቁል ወርዶ እንደገና ይታጠፋል፣ ፕሮፔለሩን ያዞራል። እግሩ ራሱ ግራና ቀኝ ዞሮ መሪ ይሆናል፤ ጥልቀቱ ሲያንስ ደግሞ ወደ ላይ ይነሳል። ጂም ዊን የሚባል አሜሪካዊ ያመጣውን ሐሳብ ስዊድኖቹ ቮልቮ ፔንታዎች አኳማቲክ ብለው በ1959 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጡት፤ መርክሩዘርም ብዙ ሳይቆይ ተከተለ። ብልሃቱን አልነቅፍም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ የሚታጠፍ ጉልበት ማለት ሁለት ቦታ የሚበላ ማርሽ ማለት ነው፤ ማርሹ ደግሞ የጅማ ገበያ ላይ አይገኝም።

የተገኘችው ጀልባ አምስት ሜትር ተኩል ናት፤ ፋይበርግላስ፣ ወንበሯ ነጭ። ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በአንዱ ዳር ሸራ ለብሳ ስትተኛ ኖራለች። ሞተሯ ባለ አራት ፒስተን፣ 3 ሊትር፣ 135 የፈረስ ጉልበት መርክሩዘር ነበረ፤ እግሯ አልፋ የሚሉት ነው። ነበረ ያልኩት ሞተሩ ስለሞተ ነው። ለማሳየት ብለው ከውሃ ውጭ አስነሱት፤ ውሃ የሚስበው ፖምፓ ጎማው ደርቆ ተቃጠለ፣ ሞተሩም ተከተለው። እግሩ ግን አለ። ሻጩ እንደሚለው እግሩ «እንደ አዲስ» ነው። እንግዲህ ልጆቹ ለአሮጌ እግር ሞተር ሊመርጡ ቁጭ አሉ። ምርጫው እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

ሻጩ እጁ ላይ ሌላም እግር አለው፤ ከቪ8 ጀልባ የወረደ። «ከፈለጋችሁ ሁለተኛውን በርካሽ ጨምሬ እሰጣችኋለሁ፣ ያው አልፋ ነው» አላቸው። ከውጭ ሲያዩት እውነትም ያው ነው። ቀለሙ ያው፣ ቁመቱ ያው። ሆዱ ውስጥ ያለው ማርሽ ግን ይለያል። ለአራት ፒስተን የተሠራው እግር ሞተሩ ሁለት ዙር ገደማ ሲዞር ፕሮፔለሩን አንድ ዙር ያዞራል። የቪ8ቱ ደግሞ አንድ ዙር ተኩል ገደማ ይበቃዋል፤ ቪ8 ጉልበታም ነው፣ ከባዱን ያነሳዋል። የቪ8ቱን እግር ለትንሽ ሞተር ብትሰጡት ሞተሩ ገና ከዳር ሳይርቅ ይታፈናል። የትንሹን ለቪ8 ብትሰጡት ደግሞ ሞተሩ ያለ ልክ ይጮሃል፣ ማርሹም ጉልበቱን አይችለውም።

ለመለየት መሐንዲስ አያስፈልግም። እግሩ ለብቻው መሬት ላይ ሳለ ማርሽ አስገባ፣ ከሞተሩ በኩል ያለውን ዘንግ በእጅህ አዙር፣ ፕሮፔለሩ አሥር ጊዜ እስኪዞር ቁጠር። ወደ ሃያ ከተጠጋህ የትንሹ ነው፤ አሥራ አምስት ላይ ካለቀ የቪ8 ነው። ይህን ለእህቴ ልጅ እነግረዋለሁ፣ እሱ ስልኩን ያያል። «ጋሼ፣ ሞዴል ቁጥሩን ፎቶ እንዲልክልን ጠይቄዋለሁ።» ላከ። ፎቶው ላይ የሚታየው የሻጩ ጫማ ነው።

ከዚያ የከፍታው ጉዳይ አለ፤ ይህንን ለማስረዳት ድምፄ እስኪሰለል ጮኬአለሁ። ሞተር አየር በልቶ ነው የሚሠራው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ይጥላል። ግልገል ጊቤ ግድቡ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,670 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አስሉት። ውቅያኖስ ዳር 135 ፈረስ የነበረው አሰንዳቦ ሲደርስ 112 ገደማ ይሆናል። ሃያ ሦስቱ ፈረሶች መንገድ ላይ ቀሩ፤ ማን እንደሰረቃቸው ፖሊስ አይደርስበትም።

በዚያ ላይ ፕሮፔለሩ የተመረጠው ለውቅያኖሱ አየር ነው። ፕሮፔለር ላይ ፒች የሚባል ቁጥር አለ፤ ሳይንሸራተት ቢሄድ በአንድ ዙር ስንት ኢንች ወደፊት እንደሚጓዝ ይነግራችኋል። ያ ባለ 3 ሊትር ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲሰጠው በደቂቃ ከ4,400 እስከ 4,800 ዙር መድረስ አለበት። ጉልበቱ ጎድሎ ፒቹ ካልተቀነሰለት አይደርስም፤ ሲታገል ውሎ ሲታገል ያድራል፣ ይግላል፣ ዕድሜውን ይጨርሳል። ፒቹ በአንድ ኢንች ሲያንስ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ያገኛል። ስለዚህ ሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ፈልጉ፣ ወይም ማርሹ ይበልጥ የሚያቀል እግር ፈልጉ አልኳቸው። «ፍጥነቱ አይቀንስም?» አሉኝ። ወዴት ነው የምትቸኩሉት? ሐይቅ እኮ ነው፤ ዞራችሁ የምትመጡት እዚያው የተነሳችሁበት።

ይሄ ሁሉ ሳያንስ የጅማው ጋራዥ ልጅ መጣ። እጁ ወርቅ ነው፣ አልዋሽም፤ የሞተ ሞተሪኖ ያስነሳል። እሱ ያመጣው ብልሃት ይህ ነው፦ የተጋጨ ዶልፊን ሚኒባስ አለ፣ 2.8 ሊትር ናፍጣ ሞተሩ ደኅና ነው፣ አውርደን ጀልባዋ ላይ እንጫነው፣ ከአልፋው እግር ጋር በብረት ሳህን እናጋጥመው። የእህቴ ልጅ ደስታውን አልቻለውም። ዶልፊን! ስሙን ይዞ ስንት ዓመት አስፋልት ላይ ሲንከራተት፣ ሰው ሲያሳፍር፣ ሰው ሲያስለቅስ ኖሮ፣ በስተርጅና ባሕሩ ሊገባ ነው። ረዳቱንም አብረው ይጫኑት አልኩ፤ «ሁለት ሰው! ሁለት ሰው ብቻ ይቀረናል!» እያለ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ እንዲጮህ።

ስለ ናፍጣው አንድ ነገር ልመስክርለት። የቤንዚን ትነት ከጀልባ ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ካገኘ ሁሉንም ወደ ሰማይ ይልካል። ለዚህ ነው የጀልባ ሞተሪኖና ዲናሞ ብልጭታ እንዳያወጡ ሆነው ለብቻቸው የሚሠሩት፤ ከማስነሳት በፊትም ማናፈሻውን አራት ደቂቃ ያህል ማስኬድ ግድ ነው። የመኪናውን ሞተሪኖ ገዝቶ «ያው ነው» ብሎ የሚያስር ሰው መቃብሩን በቡሎን እያሰረ ነው። ናፍጣ በዚህ በኩል የዋህ ነው።

ግን የዶልፊኑ ሞተር ከ90 ፈረስ ብዙም አይዘልም፣ ቱርቦም የለውም። እኛ ከፍታ ላይ ሰባ አምስት ቢቀረው ነው። 135 ፈረስ የለመደች ጀልባ፣ ስምንት ሰውና የአሳ ሣጥን ተጭኖባት፣ በዚያ ጉልበት ከውሃው ላይ ወጥታ መንሸራተት አትችልም፤ ውሃውን እያረሰች ትሄዳለች። መኪናው በራዲያተርና በነፋስ ይቀዘቅዝ ነበር፤ ጀልባ ሆድ ውስጥ ምን ነፋስ አለ? በሐይቅ ውሃ የሚቀዘቅዝ ሌላ ዕቃ ያስፈልጋል። የጭስ መውጫው በደረቁ ከተተወ ፋይበርግላሱን ያነደዋል፤ ውሃ የሚያልፍበት መሆን አለበት። ሞተሩ የሚቀመጥበት ማረፊያ ይቀየራል፣ ክሮቼራው ቀጥ ብሎ መግጠም አለበት፣ ጥቂት ቢያጋድል ኩሽኔታውን ይበላዋል። ይሄን ሁሉ ስዘረዝር የጋራዡ ልጅ በትሕትና አዳመጠኝና «እንበይደዋለን አባባ» አለኝ። ለዚያ ልጅ የማይበየድ ነገር የለም።

ስለ ጎማዎቹ ብዙ አልናገርም፤ ሰሚ የለምና። ክሮቼራው በታጠፈ የጎማ እጅጌ ውስጥ ነው ያለው። ያ ጎማ ለዓመታት ፀሐይ ላይ ከቆመ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፣ መጀመሪያ ኩሽኔታው ዝጎ ያላዝናል፣ ከዚያ ጀልባዋ ዳር እንደታሰረች ትሰምጣለች። የአልፋ የውሃ ፖምፓ ደግሞ ያለው እግሩ ውስጥ ነው፤ ለመቀየር እግሩን መፍታት ነው። የጊቤ ውሃ በክረምት ቡናማ ነው፣ ከደጋው የታጠበ አፈር ነው የሚወርደው። ያንን እየጠጣ ፖምፓው ስንት ቀን ይቆያል?

እኔ ያልኩት ሌላ ነው። አውጡት አልኩ። ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡ፤ የዚያ ሞተርና እግር ክብደት ብቻ 290 ኪሎ ገደማ ነው። የኋላ ቀዳዳውን በሚገባ ድፈኑ፣ ግድግዳውን አጠንክሩ፣ ከኋላ የሚንጠለጠል ያማሃ ስቀሉ። ሞተሩም ማርሹም ፕሮፔለሩም ፋብሪካ ያጋጠማቸው አንድ ዕቃ ነው፤ ባለ 40 ፈረሱ ቢበላሽ ሁለት ሰው ተሸክሞት አይሱዙ ላይ ይጭነዋል። ዘገምተኛ ነው፣ አዎ። አራት ሰው ብቻ ጫኑና ሂዱ። የእህቴ ልጅ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አጠቆረ። «እሱማ የአጥማጅ ነው ጋሼ።» ሐይቅ ላይ ከአጥማጅ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? የመንግሥት ሠራተኛ?

የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና ጋምቤላ ወርዶ፣ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት መርከብ ካርቱም ይገባ እንደነበር ስነግራቸው አያምኑኝም። በዚያን ጊዜ መርከቦቹ የሚመጡት ባሮ በክረምት ሲሞላ ብቻ ነበር፤ ውሃው ሲጎድል ነጋዴው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ውሃውን ለመርከቡ የሚያስገድድ አልነበረም። የዛሬዎቹ ጣና ነሽ ሁለት የተባለችውን ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጭና ወደ ጣና ስትጓዝ በስልካቸው ካዩ ጀምሮ የማይቻል ነገር የለም ይላሉ። እሷን እኮ ያጓጓዘው መንግሥት ነው! እናንተ የጫናችሁት የአንድ ዓመት ጀንፈል ነው!

ነዳጁስ? የ135 ፈረሱ ሞተር ሙሉ ጋዝ ሲረገጥ በሰዓት 40 ሊትር ገደማ ቤንዚን ይጠጣል። ማደያ ደግሞ በጀሪካን አይቀዳም። ጀልባዋ ማደያ ድረስ በጎማ ትሂድ? ከቀበሌ ደብዳቤ፣ ከወረዳ ደብዳቤ፣ ከዚያ ማደያው ላይ ከባጃጆቹ ኋላ ተሰለፉ። ቀጅው ታርጋችሁን ሲጠይቃችሁ ምን ልትሉ ነው? ይሄን ስጠይቅ ሁሉም ዝም አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ዝም ያሉት። ከዚያ አንዱ «በኤሌክትሪክስ ቢሆን?» አለ፤ እዚያው ጥዬአቸው ጫት ልገዛ ወጣሁ።

ትናንት ማታ ደግሞ የእህቴ ልጅ ስልኩን አምጥቶ ጆሮዬ ላይ ለጠፈው፤ ሻጩ ነው፣ «እርስዎ ራስዎ ያናግሩት» ብሎ። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው። ከዚያ ጠየቅኩት። የእግሩን ዘይት ከሥር ባለው ቡሎን ስታፈሱት ምን ዓይነት ሆኖ ይወጣል? ነጣ ካለ ውሃ ገብቶበታል፤ ብረት ብናኝ ካለበት ማርሹ እየተበላ ነው። ጎማውስ መቼ ተቀየረ? ዘንጉን አዙራችሁ ቆጥራችኋል?

ትንሽ ቆየ። «አባት፣ እሱን እንኳ አላየነውም። ግን ቴፑ ብሉቱዝ አለው፣ ስፒከሩም ውሃ አይፈራም» አለኝ።

ስልኩን መለስኩለት።

«ምን አለዎት ጋሼ? እግሩ እንዴት ነው?»

«ይዘፍናል» አልኩት።